ክዳኑን ይዘን ከጀሞ መካኒሳ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጀሞ

ክዳኑ ሌሊቱን የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያደረው። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ፤ ከላዩም ፎጣ ደርቤበታለሁ። ስነሳ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት እሱን ነካሁት። እንደ ታማሚ ልጅ ማለት ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አላፈርኩም።

ክዳኑ ክብ ነው፤ ከአይዝጌ ብረት የተሠራ፣ የትልቅ ትሪ ስፋት ያለው፣ መሃሉ ላይ ወፍራም የመስታወት መስኮት የተገጠመለት። ክብደቱ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት ከያዘ ከረጢት አያንስም። የሚከድነው ካምፓስ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የቆመውን የብረት ጋን ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ የማጠናው የነገሮችን ገጽ ነው። የመዳብ ወይም የብረት ሆድ ውስጥ ያለውን ለሌሎች ትቼ፣ የመጨረሻውን፣ ከአየር ጋር የሚነካካውን የአተሞች ድርድር ነው የማየው። ያንን ለማየት ገጹ ንጹህ መሆን አለበት፤ ንጹህ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ አጠገቡ አየር መኖር የለበትም። ጋኑ የተሠራው አየር እንዳይኖርበት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግን አየር ሲያስገባ ኖሯል።

ይህ ሳምንት የመጨረሻው ነው። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፍሉን ከሰኞ ጀምሮ ለኮምፒውተሮች እንደሚፈልገው በትሕትና ጽፎልኛል። አልፈረድኩበትም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ስለቀረኝ፣ እኔም እሺ ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ ትዕግስት ባትኖር። ትዕግስት የዶክትሬት ተማሪዬ ናት። ልጇን ደሴ ለእናቷ ትታ መጥታ አራት ዓመት የዚህን ጋን ብሎን ስታጠብቅና ስታላላ ከርማለች። ጋኑ ከክፍሉ ከወጣ የእሷም ጥናት አብሮት ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ታዲያ በየመገጣጠሚያው አልኮል እያንጠባጠበች፣ አየር የሚገባው በክዳኑ ጠርዝ በኩል መሆኑን ያገኘችው እሷ ናት። ትናንት የንብረት መውጫ ፈቃድ አስፈርሜ ክዳኑን ወደ ቤቴ አመጣሁት፤ ዛሬ መካኒሳ ያለ ቶርኖ ቤት ልወስደው ነው።

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጎረቤቴ ጌታሁን በትንሿ ዳማስ መኪናው ዳቦ ያከፋፍላል። የንጋቱን ዳቦ አድርሶ ሲመለስ እንዲወስደኝ ተስማምተን ነበር፤ በሰዓቱ መጣ። ክዳኑን ግራና ቀኝ ይዘን አራት ፎቅ ወረድን። በየእርከኑ ቆመን እንተነፍሳለን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ ቤት ልትለቁ ነው እንዴ ብላ ደነገጠች። ጌታሁን ላብ በላብ ሆኖ፣ አይ፣ ጠረጴዛዋን ብቻ ነው የምትለቀው አላት።

ሐሙስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ጀርመን አደባባይ

ዳማሱ ትኩስ ዳቦ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ክዳኑ ከኋላ ባዶ የዳቦ ሳጥኖች መሃል ተኝቷል፤ እኔ ከፊት፣ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን እየነካ። መንገዱ የጠዋት መንገድ ነው፦ ሚኒባሶች በጎን ያልፉናል፣ ረዳቶች በመስኮት ወጥተው ሜክሲኮ ሜክሲኮ ይላሉ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መኪና መሃል ይሻገራሉ፣ አንዲት ሴት በጀሪካን ውሃ አስፋልት ዳር የደረደረችውን ጎመን ትረጫለች። ጌታሁን የዛሬውን ያህል ቀስ ብሎ ነድቶ እንደማያውቅ፣ እንቁላል ሲጭን እንኳ እንዲህ እንደማይጠነቀቅ ነገረኝ።

ቀስ ማለታችን ሳይሆን አይቀርም ትራፊክ ፖሊሱን ያጠራጠረው። አስቆመን፤ መንጃ ፈቃድ አየ፣ ከኋላ ያለውን ጥቅል አየ፣ ምንድነው አለ። ጌታሁን ወደ እኔ ጠቆመ።

«ክዳን ነው» አልኩት።

«የምን ክዳን?»

መዋሸት አልሆነልኝም። «የባዶ ነገር» አልኩት።

ፖሊሱ ትንሽ አሰበ። «ባዶ ነገር ክዳን ምን ይሠራለታል?»

እውነቴን ነው፣ በሙያ ዘመኔ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ከምርጦቹ አንዱ ነው። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ለቀቁት፤ ፖሊሱም ፈቃዱን መልሶ፣ ሂዱ ሂዱ ብሎ በእጁ ጠረገን። እስከ መካኒሳ ድረስ ሳቃችንን ማቆም አልቻልንም። ጌታሁን መሪውን ይዞ፣ ባዶ ነገር ክዳን ምን ይሠራለታል እያለ ይደግመዋል።

መካኒሳ የተወለድኩበት ሰፈር ነው። አባቴ መካኒክ ነበር። ዝናብ ካቆመ በኋላ ጋራዡ በር ላይ የሚቋጠረው ውሃ ላይ የሞተር ዘይት ይንሳፈፍና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ስምንት ዓመቴ ይሆናል፤ ጥቁር ዘይት ውሃ ላይ ሲሆን ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ ጠየቅኩት። በጣም ስለሚሳሳ ነው አለኝ። ምን ያህል ይሳሳል አልኩት። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አላውቅም፤ አንቺ እወቂውና ንገሪኝ» አለኝ። ብዙ አባቶች ዝም በይ ይሉ ነበር። ተምሬ መልሱን ይዤለት ስመጣ በሕይወት ነበር፤ ነገርኩትም፤ በጥሞና ሰምቶኝ ሲያበቃ ለጓደኞቹ ሁሉ አጋኖ አወራው።

ሐሙስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ መካኒሳ አቦ

የጋሽ ተፈራ ቶርኖ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ እህል ወፍጮ መሃል ነው። ሁለት የቶርኖ ማሽኖች፣ አንድ መስኮት፣ ወለሉ ላይ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ። ጋሽ ተፈራ ሰባ ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ለጋራዦች ነው የሚሠሩት። የእኔን ዓይነት ዕቃ አይተው እንደማያውቁ ሳይደብቁ ነገሩኝ።

ክዳኑን ጠረጴዛቸው ላይ አስተኛነው። መለኪያ ካሊፐር ያወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ጠርዙን ዙሪያውን ጠረጉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በስለቱ ላይ ማስኬድ ጀመሩ። ያ ስለት ነው የመዳቡን ቀለበት ነክሶ ጋኑን የሚዘጋው። ቀለበቱን እኔ ጋስኬት እለዋለሁ፤ እሳቸው ጓርኒሲዮን ይሉታል። ግማሽ ዙር ሄዱ። ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ። እንደገና ቆሙ።

«እዚህ ጋ ናት» አሉ።

አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ አየሁ። ስለቱን በአግድም ያቋረጠች፣ ከፀጉር የቀጠነች ጭረት። ዘጠኝ ዓመት። ፓምፕ ቀይረናል፣ ብየዳ አስመርምረናል፣ ውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ደብዳቤ ጽፈን ረጃጅም ምክር ተቀብለናል፤ ሁላችንም ስለቱን በዓይናችን አይተን ደህና ነው ብለን አልፈነዋል። ሰውዬው በጥፍራቸው በሁለት ደቂቃ አገኟት። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ፣ ጋሽ ተፈራ ጌታሁንን በዓይናቸው ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁት።

ምን ያህል ንጹህ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት አሉኝ። ጋኑ ውስጥ የምናስገባው የመዳብ ቁራጭ እንዳለ፣ ገጹን አጽድተን እያየነው አየር ከነካው ዓይን ሳይርገበገብ ሌላ ሽፋን እንደሚለብስ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም ብረት ልጬ ሻይ ጠጥቼ ብመለስ፣ መልኩን ለውጦ ነው የሚጠብቀኝ። እኛ ዘይት እንቀባዋለን፤ እናንተ ደግሞ አየሩን ታወጣላችሁ። ይኸው አይደል?»

ይኸው ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ የምፈጅበት ነገር ነው። አባባላቸውን ክፍል ውስጥ ልናገረው ብዬ ፈቃድ ጠየቅኳቸው፤ ምን ገዶኝ አሉ።

ከዚያ ቁም ነገሩ መጣ። ጭረቷን ለማጥፋት ስለቱን ዙሪያውን በሙሉ፣ የፀጉር ያህል ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ትንሽ ከበዛ ስለቱ መዳቡን መንከስ ያቆማል።

«ብስት ሌላ ክዳን አለዎት?» አሉኝ።

«የለኝም።»

መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያው ቁርስ በልተው ይምጡ። እያዩኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፤ ፉል ቤት

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፉል ቤት ገባን። ፉሉ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ዘይቱ ከላይ የሚያበራ፤ ሻይ ተጨምሮበት። ጌታሁን የእሱን ጨርሶ የእኔን ጀመረ። እኔ ጆሮዬ ማዶ ነው። ቶርኖው ሲነሳ ድምፁ እስከዚህ ይሰማል፤ ሲያቆም ሻዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

ጌታሁን ሊያጫውተኝ ብሎ መሰለኝ፣ ፕሮፍ፣ ፕሮፌሰር እንዴት ነው የሚኮነው አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። በወጣትነቴ በረዷማ ከተማ ሄጄ አምስት ዓመት ልክ እንደዚህ ባለ ጋን ላይ ተምሬ ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ፤ እዚህ ግን ጋን የለም። ቾክ ነበር። ዓመታት በቾክ አስተማርኩ። በክረምት ክረምት የቀድሞ መምህሬ ላቦራቶሪ እየሄድኩ ሁለት ወር ለክቼ እመጣለሁ፤ ቀሪውን ዓመት የለካሁትን እጽፋለሁ። ማዕረጉ የመጣው በዚያ ጽሑፍ ነው። መምህሬ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን ጋን በአምስት ሳጥን አሽገው ላኩልኝ። አንዱ ሳጥን መንገድ ላይ ወድቆ ነበር፤ ጭረቷ የዚያን ቀን ሳትገባ አትቀርም። ሳጥኖቹ የደረሱ ዕለት ተማሪዎቼን ሁሉ ለስላሳ ጋብዤ ነበር። ማዕረጌ የራሴን መዳብ በራሴ አገር አይቼበት የማላውቅ ማዕረግ ነው።

ጌታሁን አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ ታዲያ ዘጠኝ ዓመት እንዴት አልመረረዎትም አለኝ። መሮኝ ያውቃል። በየጠዋቱ ግን ዛሬ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ ነው የምነሳው፤ ምን አባቴ ላድርግ።

ቶርኖው ለመጨረሻ ጊዜ ሲያቆም አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ጋሽ ተፈራ በር ላይ ቆመው ጠሩን። ስለቱ እንደ አዲስ ምላጭ ያበራል። ጥፍሬን አስኬድኩበት፤ ዙሪያውን ምንም አያስቆመኝም። ከመዳብ ቆርቆሮም ሁለት ቀለበት ቆርጠው ጠብቀውኛል። ዋጋቸውን ተቀብለው ሲያበቁ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት አሉ፦ ከሠራ ልየው።

ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት፤ ካምፓስ

ካምፓሳችን ከላፍቶ ወዲያ ነው። ትዕግስት ነጭ ጋዋን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጠብቀን አየኋት። ምሳ አልበላችም። ጓንት አድርገን ክዳኑን አነሳን፣ ቀለበቱን አስቀመጥን፣ ብሎኖቹን አንዱን ከዚህ አንዱን ከፊት ለፊቱ እያቀያየርን፣ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያልን አጠበቅን። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ፓምፑ ሲነሳ መሬቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የግፊት መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር መውረድ ጀመረ። ዱሮ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀር ነበር። ዛሬ ያንን ቦታ ሳያቆም አለፈው። ትዕግስት አየችኝ። ምንም አትበይ አልኳት።

ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት፤ ካምፓስ

ጠዋት በሚኒባስ መጣሁ፤ አራት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነን። ጋኑን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልለን፣ ማሞቂያ ሽቦ አልብሰን እየጋገርነው ነው። ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን እርጥበት ለማውጣት ሌላ መንገድ የለም። ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። ጌታሁን ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ልክ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።

ትዕግስት ዘልላ ቫልቩን በሁለት እጇ ዘጋችው። ፓምፑ እያቃሰተ ቆመ። ጋኑ ፊት ቆምን፤ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አሉሚኒየሙ ላይ ይጫወታል። ክዳኑ ሳይጠገን በፊት አምስት ደቂቃ ቢቆም የአንድ ሳምንት ልፋት ገደል ይገባ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ትዕግስት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልይ ይሁን ትቁጠር አላውቅም።

መብራት ሲመጣ መለኪያውን አበራን። ቁጥሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነበር ከፍ ያለው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ማንም ሳይረዳው ባዶነቱን ይዞ ቆየ ማለት ነው። ክዳኑ ከድኗል። ትዕግስት ትከሻዋን መታች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ መታሁ። መሬቱን እንዳናናውጥ ብለን ከወገብ በላይ ብቻ ነው የጨፈርነው።

እሁድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከጀሞ ወደ ካምፓስ

ቅዳሜ ስናበርድ ስናጸዳ ዋልን። ዛሬ ጌታሁን ዳማሱን አጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። የተሸከምኩትን ሳላይማ አልቀርም ብሎ ስለነበር። መካኒሳ አቦ ስንደርስ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ ከመሃላቸው ጋሽ ተፈራ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ወደፊት ይምጡ ብላቸው አሻፈረኝ አሉ።

ትዕግስት መዳቡን የመጨረሻ ጊዜ አሙቃ አቀዝቅዛዋለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኤሌክትሮኖች በትንሽ ጉልበት ወደ መዳቡ ይላካሉ፤ ነጥረው ሲመለሱ ከመስኮቱ ጀርባ ያለውን ስክሪን ያበሩታል። ገጹ የቆሸሸ ከሆነ ጭጋግ ብቻ ይታያል። ንጹህ ከሆነና አተሞቹ በሥርዓት ከቆሙ ብርሃኑ ነጥብ ነጥብ ይሆናል። መጋረጃውን ዘጋን። ትዕግስት እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ አየችኝ።

«አንቺ አብሪው» አልኳት።

መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ጉልበቱን ስትጨምር ጭጋጉ ተሰበሰበ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበቡ አረንጓዴ ነጥቦች ወጡ። አራት ናቸው፤ ልክ በአራት ማዕዘን።

ጋሽ ተፈራ ተጠግተው በመስኮቱ ረጅም ጊዜ አዩ። መዳቡ ነው ወይ አሉኝ። አተሞቹ እንዴት እንደተሰለፉ የሚናገር ብርሃን ነው አልኳቸው።

«ማን ደረደራቸው?»

«ራሳቸው።»

እንደገና አዩ። «እንዲህ ያለ ልክ እኔ አውጥቼ አላውቅም» አሉ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

ትዕግስት ኮሪደር ላይ ወጥታ ደሴ ደወለች። ድምፅዋ በበሩ ይሰማል። ልጇ እንደ ሁልጊዜው መቼ ነው የምትመጪው ሳትላት አልቀረችም፤ ትዕግስት ሁልጊዜ በቅርብ ነበር የምትላት። ዛሬ ወር ጠርታ ነገረቻት። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፣ ወዲያው ደግሞ ተነሳች።

ፎቶውን ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ላክሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደወለ። እንኳን ደስ አለዎት አለ፤ ከልቡ ነበር፣ እሱም ድሮ ተማሪዬ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ነገ የሚመጡትን ኮምፒውተሮች ታዲያ የት ላድርጋቸው?»

«ቢሮዬን ውሰድ» አልኩት። «ሰፊ ነው። እኔ ከነገ ጀምሮ እዚያ አልቀመጥም።»

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጀሞ

ጌታሁን በር ላይ አወረደኝ። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ባለቤቴ ሰሎሞን ሳምንቱን እህቱ ጋ ደብረ ብርሃን ሰንብቶ ዛሬ ጠዋት ነው የገባው፤ ሻንጣውን እንኳ አልፈታም። ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው፤ የእኔን ፊዚክስ በጨዋነት ነው የሚሸሸው። ዛሬ ግን ፊቴን አይቶ ምን ተገኘ አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት።

መነጽሩን አድርጎ፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየ። በጨለማው መሃል አራት ነጥብ።

«ዘጠኝ ዓመት ስትፈልጊ የኖርሽው ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

«አራት ነጥብ» አለ፤ ስልኩን እንደ ፈተና ወረቀት እያየ። «እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ይሄንን አትርሱ ስል ነው የኖርኩት።»